ቧንቧ መቁጠር ውሃ መቁጠር አይደለም፦ ስለ ሜላኖማ የደም ሥሮች ለዶክትሬት ጀማሪዎች

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው የዚህን ጽሑፍ ፍሬ ነገር ከወዲሁ ያውቀዋል። ቧንቧው በየግቢው ተዘርግቷል፣ ቆጣሪውም ተተክሏል፤ ውሃው ግን ሐሙስ ሌሊት ብቻ ነው ብቅ የሚለው። አንድ ባለሙያ መጥቶ ቧንቧውን ቆጥሮ «እዚህ ሰፈር የውሃ ችግር የለም» ቢል ማን ይሰማዋል? በሜላኖማ ጥናት ግን የዚህ ዓይነቱ ድምዳሜ አሁንም አልጠፋም፦ በማይክሮስኮፕ ሥር የደም ሥሩ በዝቶ ታየ፣ ስለዚህ ዕጢው መድኃኒቱን የተላመደው በደም ሥር ነው። በዚህ ርዕስ ዶክትሬት ለምትጀምሩ፣ እንዲህ ያለ ድምዳሜ ላይ የሚጥሉ ስህተቶች የት የት እንዳሉ ልዘርዝር።

መሠረቱን ባጭሩ። ሜላኖማ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ሜላኖሳይት ከተባሉት ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው። ኦክስጅን ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ሥጋ የሚዘልቀው ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ዕጢ ከአንድ ሁለት ሚሊሜትር አልፎ ለማደግ የደም አቅርቦት ማግኘት ግዴታው ነው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን ይህን ሐሳብ ለሕክምና ያቀረበው በ1971 ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ኦክስጅን ሲያጥር ሂፍ የተባለው ፕሮቲን ሳይፈርስ ይከማችና ቪኢጂኤፍ የተባለውን የደም ሥር ማሳደጊያ ፕሮቲን ያስመርታል፤ ቪኢጂኤፍ ደግሞ በአቅራቢያው ያሉትን የደም ሥር ሴሎች ይጠራል። ሴል የኦክስጅንን ማነስ እንዴት እንደሚያውቅ ያሳዩት ኬሊን፣ ራትክሊፍና ሴሜንዛ በ2019 ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ ሥራ ነው። ሜላኖማ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ቆዳ ላይ ከሚነሱት ሜላኖማዎች በግማሽ ያህሉ ብራፍ የተባለው ጂን የተለወጠ ሲሆን፣ ከእሱ ሜክና ኤርክ ወደተባሉት ፕሮቲኖች የሚወርደው የእድገት መልእክት ኦክስጅን ሞልቶም ቢሆን ቪኢጂኤፍን ከፍ ያደርጋል።

«እንግዲያው የደም ሥሩን እንዝጋው» ማለት ቀላል ነበር፤ ተሞክሯልም። ቪኢጂኤፍን የሚይዘው ቤቫሲዙማብ በ2004 አሜሪካ ውስጥ ለትልቁ አንጀት ካንሰር ከጸደቀ በኋላ ወደ ሜላኖማም ተወሰደ። ቢም በተባለው ሙከራ 214 ሕመምተኞች ተሳተፉ፤ ከኬሞቴራፒ ጋር ሲጨመር በሽታው ሳይባባስ የቆየበት ጊዜ ከ4.2 ወደ 5.6 ወር ከፍ ቢልም፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አላለፈም። እንግሊዝ ውስጥ የተካሄደው አቫስት-ኤም 1343 ሰዎችን የያዘ ነበር፤ ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው ለግማሾቹ መድኃኒቱ በኪሎ 7.5 ሚሊግራም በየሦስት ሳምንቱ ለአንድ ዓመት ተሰጠ። በሽታው የሚመለስበት ጊዜ ትንሽ ዘገየ፤ በአምስት ዓመት በሕይወት የነበሩት ግን በሁለቱም ወገን 64 በመቶ ነበሩ። እኔ ከዚህ የምወስደው መድኃኒቱ ከንቱ ነው የሚል አይደለም። የሜላኖማ የደም ሥር አንድ በር ብቻ እንደሌለው ነው፤ አንዱን ስትዘጉ በሌላው ይገባል።

አሁን ወደ መላመዱ። የተለወጠውን ብራፍ የሚገታው ቬሙራፌኒብ በ2011 ሲጸድቅ ዕጢው በሳምንታት ውስጥ ሲሟሽሽ ማየት ብርቅ አልነበረም፤ በአማካይ ግን ግማሽ ዓመት ገደማ ሲሆን በሽታው ይመለሳል። ሜክን የሚገታ መድኃኒት ሲጨመርበት ወደ 11 ወር ይደርሳል። የመላመጃው መንገድ ብዙ ነው፦ ኤንራስ የተባለው ጂን ይለወጣል፣ የብራፍ ጂን ቅጂ ይበዛል፣ አጭር የብራፍ ፕሮቲን ይመረታል፣ ሴሉ ላይ ያለው ፒዲጂኤፍ ተቀባይ ቤታ ከፍ ይላል፣ በዙሪያው ያሉ ሴሎች ኤችጂኤፍ የተባለውን የእድገት ፕሮቲን ያቀብሉታል። ታዲያ የደም ሥሩ የት ይገባል? መድኃኒቱ እየሠራ ሳለ ቪኢጂኤፍ ይወርዳል፣ በሽታ ተከላካዮቹ ቲ ሴሎችም ወደ ዕጢው ይገባሉ። ኤርክ ሲመለስ ቪኢጂኤፍም አብሮ ሊመለስ ይችላል። ቪኢጂኤፍ ደግሞ ምግብ ከማቅረብ ያለፈ ሥራ አለው፦ ቲ ሴሎችን የሚያነቁት ዴንድሪቲክ ሴሎች እንዳይበስሉ ያደርጋል፤ ቲ ሴል የደም ሥሩን ግድግዳ የሚጨብጥባቸውን ፕሮቲኖችም ይቀንሳል። ስለዚህ የደም ሥሩን ምግብ አመላላሽ ብቻ አድርጎ ማሰብ ግማሹን ነገር ያስቀራል፤ ማን ገብቶ ማን ደጅ እንደሚቀር የሚወስን ዘበኛም ነው።

ሥራው የሚጀመረው ብዙውን ጊዜ መድኃኒት የተላመደ የሴል መስመር (ላቦራቶሪ ውስጥ የሚራባ የሴል ዘር) በማዘጋጀት ነው። ኤ375 የተባለው መስመር የተለወጠ ብራፍ ስላለው ለቬሙራፌኒብ ጥሩ መነሻ ነው። መጀመሪያ ግማሹን እድገት የሚገታውን መጠን በ72 ሰዓት ሙከራ በገዛ እጃችሁ ለኩ፤ ከታተመ ጥናት የተወሰደ ቁጥር የእናንተን ሴረም (ለሴሎቹ ምግብ የሚጨመረውን የደም ፈሳሽ) እና የእናንተን የሴል ብዛት አያውቅም። ከዚያ መጠን አካባቢ ጀምሩና ሴሎቹ የቀድሞ የመባዣ ፍጥነታቸውን ሲይዙ እጥፍ አድርጉ፤ እስከ 1 ወይም 2 ማይክሮሞላር። ይህ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ወር ይፈጃል። ከመጀመሪያው ቀን በከፍተኛ መጠን የሚደፉ አሉ፤ የሚተርፉት ሴሎች ግን በአመዛኙ ለጊዜው ያንቀላፉ ናቸው፣ መድኃኒቱ ሲነሳ ወደ ቀድሞ ባሕርያቸው ይመለሳሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

ያልተላመደውን እናት መስመር ፍሪዘር ውስጥ ትታችሁ ለማነጻጸሪያ በመጨረሻ ብታወጡት አይሠራም። ጎን ለጎን፣ በተመሳሳይ ማለፊያ ቁጥር (ወደ አዲስ ሳህን በተዛወረበት ብዛት)፣ መድኃኒቱ በተሟሟበት ዲኤምኤስኦ ብቻ መኖር አለበት፤ ዲኤምኤስኦው ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጥ። በየደረጃው አንድ ሁለት ቱቦ አቀዝቅዙ። ሲያልቅ የዘረመል ማንነት ምርመራ አድርጉ፤ ሴሎችን የሚበክለውን ማይኮፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያ ደግሞ በየወሩ ፈትሹ። ቬሙራፌኒብ ከ99 በመቶ በላይ ከፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ የሴረሙ መጠን ራሱ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀይራል። በ10 በመቶ ሴረም ያላመዳችሁትን ሴል በ1 በመቶ ሴረም ብትፈትኑት፣ በወረቀት ላይ ያው 1 ማይክሮሞላር ነው፤ ሴሉ የሚቀምሰው ግን ሌላ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ወጥመድ እንግባ፤ ብዙ የሚያስለፋው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው አሠራር ይህን ይመስላል፦ የተላመዱት ሴሎች ለ24 ሰዓት ያደሩበትን ሚዲያ፣ ማለትም የሚያድጉበትን ፈሳሽ፣ ትቀዳላችሁ፣ በሴንትሪፊውጅ ታዞራላችሁ፣ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ታሳልፋላችሁ፣ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ በ80 ከዜሮ በታች ታስቀምጣላችሁ። ከዚያ ከእትብት ደም ሥር የሚወጡትን ሴሎች፣ በላቦራቶሪ ቋንቋ ሁቬክ የሚባሉትን፣ በዚህ ሚዲያ ትመግባላችሁ። ሁቬኮቹ ይፈነጥዛሉ፣ ጄል ላይ የሚሠሩት የደም ሥር መሰል መረብ ይደምቃል። «የተላመደው ሜላኖማ የደም ሥር ያበዛል!» ትላላችሁ።

ቆይ! ሚዲያው ውስጥ ቬሙራፌኒቡ አለ። ሁቬክ ደግሞ ብራፉ ያልተለወጠ ሴል ነው። የብራፍ መድኃኒት ባልተለወጠ ሴል ውስጥ ኤርክን በመግታት ፈንታ ሊያነሳሳው እንደሚችል ከ2010 ጀምሮ ይታወቃል፤ ቬሙራፌኒብ ከሚወስዱት ሰዎች ከአምስት አንዱ ገደማ ላይ ሌላ ዓይነት የቆዳ ካንሰር የሚበቅለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ያያችሁት የሜላኖማው መልእክት ይሁን የመድኃኒቱ ትርፍራፊ መለየት አትችሉም።

«መድኃኒቱን ከአንድ ቀን በፊት አነሳዋለሁ» የሚል መልስ ይመጣል። እሱም ሌላ ጉድ አለው። ብዙ የተላመዱ መስመሮች የመድኃኒቱ ሱሰኛ ይሆናሉ፤ ሲነሳባቸው ኤርክ ከልክ በላይ ይዘላል፣ አንዳንዶቹ ይሞታሉ፣ ቪኢጂኤፍም ለጊዜው ሊያሻቅብ ይችላል። ያኔ የለካችሁት የሱስ ማቋረጫውን ግርግር ነው። መውጫው ማነጻጸሪያ ማብዛት ነው። እናት ሴል በዲኤምኤስኦ፤ እናት ሴል በመድኃኒት፤ የተላመደ ሴል በመድኃኒት፤ የተላመደ ሴል ያለ መድኃኒት፤ አምስተኛ ደግሞ ምንም ሴል የሌለበት፣ መድኃኒቱ ብቻ ያለበት ሚዲያ፣ ያው 24 ሰዓት ኢንኩቤተር ውስጥ ያደረ። ይህች አምስተኛዋ በብዙ ሥራ ላይ የምትጎድለው ናት፤ ዋጋዋ አንድ ሳህን ነው። በተጨማሪ ከእናት ሴል የተቀዳውን ንጹሕ ሚዲያ ለሁለት ከፍላችሁ አንዱ ላይ መድኃኒቱን ጨምሩበት። ሁቬኩ ሚዲያውን ካገኘ ከ30 ደቂቃ በኋላ የነቃውን ኤርክ በዌስተርን ብሎት፣ ፕሮቲን በአንቲቦዲ በሚለይበት ዘዴ፣ ማየት ደግሞ ነገሩን ቶሎ ያጋልጠዋል።

መድኃኒቱን በማጣሪያ ማስወገድስ? ቬሙራፌኒብ 490 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ገደማ ነው፤ «ቪኢጂኤፍ 165» የሚባለው ዓይነት በጥንድ ሆኖ 45 ሺህ ዳልተን አካባቢ። የ10 ሺህ ዳልተን ማጣሪያ ሊለያያቸው የሚችል ይመስላል። ግን መድኃኒቱ በሴረሙ ውስጥ ባለው አልቡሚን በተባለ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ አለና ከፕሮቲኑ ጋር ማጣሪያው ላይ ይቀራል። ትቀንሱታላችሁ እንጂ አታጠፉትም፤ ስለዚህ ማጣሪያው አምስተኛዋን ማነጻጸሪያ አይተካም። ሚዲያውን ደግሞ በሴል ቁጥር ወይም በዲኤንኤ መጠን አስተካክሉ፤ መድኃኒት ያለበት ሳህን ላይ ሴሉ ስለሚያንስ ቪኢጂኤፍም ያነሰ ይመስላል። ውጤቱ የእውነት የቪኢጂኤፍ መሆኑን ለማረጋገጥ አንዱን ክፍል በቤቫሲዙማብ፣ ሌላውን በማይያያዝ ተመሳሳይ አንቲቦዲ አድርጉ። በቤቫሲዙማብ መረቡ ካልቀነሰ ጥፋተኛው ሌላ ነው።

ሁቬኮቹ መረቡን የሚሠሩበት ማትሪጄል የተባለው ጄል ራሱ ትዕግሥት ይፈልጋል። ማታ በረዶ ላይ አድርጋችሁ 4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፤ በክፍል ሙቀት የቀለጠ ማትሪጄል እዚያው ቱቦው ውስጥ ይረጋል። ከ10 ዲግሪ በላይ መርጋት ስለሚጀምር ፒፔት ጫፉም ሳህኑም ቀዝቅዘው መጠበቅ አለባቸው። የእድገት ፕሮቲን የተቀነሰበትን ዓይነት ግዙ። በባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ለአንድ ጉድጓድ 50 ማይክሮሊትር፤ ፒፔቱን እስከ መጨረሻው አትጫኑ፣ የመጨረሻዋ ጠብታ አረፋ ናት። በ37 ዲግሪ 30 ደቂቃ ካረጋችሁ በኋላ ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ሁቬክ ጨምሩ። የማለፊያ ቁጥሩ ከ2 እስከ 6 ይሁን፤ ያረጀ ሁቬክ መረብ አይዘረጋም። ሴሎቹ ከተጨመሩ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ፎቶ አንሱ፤ ማግስቱን ጠዋት ብትመጡ የፈራረሰ መረብ ታገኛላችሁ። ሴል ከበዛ መረቡ ቀርቶ ምንጣፍ ይሆናል፤ ካነሰ ነጠላ ነጠላ ሆኖ ይቀራል። የጉድጓዱ ዳር ላይ ጄሉ ስለሚከምር ፎቶው ከመሃል ብቻ ይነሳ። ሁቬኩ የሚኖርበት ሚዲያ ራሱ ቪኢጂኤፍ የተጨመረበት መሆኑን የሚረሱም አሉ፤ ከሙከራው በፊት ሳታጥቡትና ሳታስርቡት የእናንተ ሚዲያ ለውጥ አያሳይም። ደግሞ በዚህ ጄል ላይ ፋይብሮብላስትም፣ ራሱ ሜላኖማም መረብ ይሠራሉ። ሙከራው ለጥርጣሬ መነሻ ይሆናል፤ ለማረጋገጫ ግን አይበቃም።

የኦክስጅን እጥረት ሙከራ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሂፍ አየር ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። ከ1 በመቶ ኦክስጅን ክፍል ሳህኑን አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ጓንት እስክትቀይሩ ድረስ ማስረጃው ሄዷል። የሴል ማፍረሻውን ፈሳሽ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ጨምሩ፤ ሚዲያውንም ከዋዜማው እዚያው አሳድሩት።

አይጥ ላይ ስትደርሱ ስህተቱ ዋጋው ይንራል። የሰው ሜላኖማ ተተክሎበት ቤቫሲዙማብ የተሰጠው አይጥ ላይ ዕጢው ማደጉን ቢቀጥል «ተላመደ» ለማለት አትቸኩሉ፤ ቤቫሲዙማብ የአይጥ ቪኢጂኤፍን በወጉ አይይዝም፣ በዕጢው ዙሪያ ያሉት የአይጥ ሴሎች ደግሞ የራሳቸውን ያመርታሉ። የሁለቱንም የሚይዘው ቢ20 የተባለው አንቲቦዲ ወይም የአይጡን ተቀባይ የሚዘጋው ዲሲ101 ይሻላል። መጠኑም ትልቅ ጉዳይ ነው። በጡት ዕጢ ሞዴል ላይ ዲሲ101 በኪሎ 40 ሚሊግራም ሲሰጥ የደም ሥሩን ሲያመናምን፣ በ10 ወይም 20 ሲሰጥ የቀረውን ሥር አስተካክሎ ደምም ቲ ሴልም እንዲገባ አድርጓል። ይህ የመስተካከያ ጊዜ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነውና በአንድ ቀን ብቻ የተወሰደ ናሙና ሊያመልጠው ይችላል። ቲ ሴል የሌለው አይጥ ላይ ስለ በሽታ መከላከል መናገርም አይቻልም፤ ቢ16 የተባለው የአይጥ ሜላኖማ መስመር ደግሞ ጤናማ አይጥ ላይ ያድጋል ግን ብራፉ ያልተለወጠ ነው። ለብራፍ መድኃኒት የም1.7 የተባለው መስመር ይመቻል።

ስላይዱ ላይ ያለው ጣጣ ደግሞ የሜላኖማ ብቻ ነው። የደም ሥር ሴል ምልክት የሆነውን ሲዲ31ን በአንቲቦዲ ቀብታችሁ በተለመደው ቡናማ ቀለም ታወጡታላችሁ፤ የቆዳ ቀለም የሆነው ሜላኒንም ቡናማ ነው። ጥቁር ቡና ላይ ቡናማ ክር መፈለግ ነው። ቀይ ቀለም የሚሰጠውን ተጠቀሙ፤ ሜላኒኑ በጣም ከበዛ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይነጣል፣ ግን መንጣቱ አንዳንድ አንቲቦዲዎችን እንዳያደክም በሌላ ቁራጭ ፈትሹ። ሜላኒን ዲኤንኤ የሚባዛበትን ፒሲአርንም ያንቃል፤ ከዲኤንኤው ጋር አብሮ ይወጣና ኢንዛይሙን ያስራል። ናሙናውን ማቅጠን ወይም አልቡሚን መጨመር ይረዳል። የሚያበሩ ሴሎችን በካሜራ ለምትከታተሉ፣ ጥቁር ዕጢ ብርሃኑን ይውጠዋልና ደብዛዛ ማለት ትንሽ ማለት ላይሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ኤንጂ2 ነው። የደም ሥሩን ደጋፊ ሴል፣ ፔሪሳይትን፣ ለማየት በሌላ ካንሰር ላይ የታመነ ምልክት ነው። ሜላኖማ ላይ ግን ዕጢው ራሱ ኤንጂ2 ተሸክሟል፤ ስላይዱ ዳር እስከ ዳር ይበራል፣ «የደም ሥሩ በፔሪሳይት ተሸፍኗል» የሚል ውጤት ይወጣል። ፒዲጂኤፍ ተቀባይ ቤታም የተላመዱ ሴሎች ላይ ከፍ ስለሚል ያው ነው። የለስላሳ ጡንቻ አክቲንን ወይም ዴስሚንን ከሲዲ31 ጋር በጥንድ ቅቡ፤ የዕጢው ሴል የቱ እንደሆነ ሶክስ10 ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ቧንቧው እንመለስ። የደም ሥር በብዛት የታየበትን ቦታ መርጦ በ200 እጥፍ አጉልቶ መቁጠር በ1991 ለጡት ካንሰር የቀረበ ዘዴ ነው። ቦታውን የሚመርጠው ሰው የትኛው ስላይድ የትኛው ቡድን እንደሆነ ካወቀ ውጤቱ ከወዲሁ ተበላሽቷል። ከቁጥሩ ጎን ውሃው መሄዱን ለኩ፦ አይጡ ከመገደሉ 5 ደቂቃ በፊት የሚያበራ የቲማቲም ሌክቲን በጅራቱ ደም ሥር ይሰጣል፤ ሲዲ31 ያለው ግን ሌክቲን ያልደረሰው ሥር ደረቅ ቧንቧ ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት ፒሞኒዳዞል በኪሎ 60 ሚሊግራም ከተሰጠ ኦክስጅን ያጠረበት ሥጋ ይቀለማል። ቁጥሩ በዝቶ ሌክቲኑ ቀንሶ ፒሞኒዳዞሉ ከሰፋ፣ ዕጢው በተጣመመና በሚያፈስ ሥር ተሞልቶ እየተራበ ነው፤ መድኃኒቱም የማይደርሰው እዚያ ነው። 5 ማይክሮሜትር የሆነ ቁራጭ ላይ ሥሩ ነጥብ ሆኖ ነው የሚታየው፤ አካሄዱን ለማየት ከ50 እስከ 100 ማይክሮሜትር ቁረጡ።

በ1999 የዓይን ሜላኖማ ላይ የተገለጸው ነገር፣ የዕጢው ሴሎች ራሳቸው ቱቦ መሰል መስመር መሥራታቸው፣ አሁንም ያከራክራል። ፒኤኤስ በተባለው ቀለም ይታያል፣ ሲዲ31 ግን አይታይም። በሴል ውስጥ የሚከማቸው ስኳር፣ ግላይኮጅንም፣ በዚህ ቀለም ስለሚወጣ አስቀድማችሁ ዲያስቴዝ በተባለ ኢንዛይም አጥፉት፤ ውስጡ ቀይ የደም ሴል ካላያችሁ ደም ይሄድበታል አትበሉ።

በመጨረሻ አገር ቤት ናሙና ለምትሰበስቡ። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው እግር መዳፍ ላይና ጥፍር ሥር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ አደባባይ በስሙ የተሰየመለት ሙዚቀኛው ቦብ ማርሌ በ1981 ያረፈውም ከእግር ጣቱ በተነሳ ሜላኖማ ነው። በዚህ ዓይነቱ ላይ የተለወጠ ብራፍ የሚገኘው ከአምስት አንዱ ገደማ ወይም ባነሰው ላይ ሲሆን፣ ኪት የተባለው ጂን በአንጻሩ ከቆዳው ዓይነት በላቀ ሁኔታ ይለወጣል። ላይ የዘረዘርኩት የኤ375 ሥራ ሁሉ ለእነዚህ ሕመምተኞች በቀጥታ አይሄድም፤ መጀመሪያ ናሙናው ምን እንደያዘ ይታወቅ። ጣት ተቆርጦ ሲመጣ አጥንት አለበት፤ በአሲድ ከለሰለሰ ዲኤንኤው ይቆራረጣል። ለስላሳው ሥጋ አስቀድሞ ተለይቶ ይውጣ፣ አጥንቱ በኢዲቲኤ ቀስ ብሎ ይለስልስ፤ ሳምንታት ቢፈጅም። ፎርማሊኑ ባለ 10 በመቶና የአሲድ መጠኑ የተስተካከለ ይሁን፤ ናሙናው ከ6 ሰዓት ያላነሰ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ይቆይበት። ዓርብ ከሰዓት የተነከረ ናሙና ሰኞ ጠዋት ቀድሞ መውጣት ያለበት እሱ ነው፤ የገባበት ሰዓት ቱቦው ላይ በእርሳስ ይጻፍ፣ እስክሪብቶ በአልኮል ይጠፋል።